እግር ሲላላ፣ እግር ሲጠብቅ

አንድ የረጅም ርቀት ሯጭ እግሩ መሬት ነክቶ እስኪነሣ ድረስ ያለው ጊዜ ከሰከንድ አንድ አምስተኛ ብዙም አይርቅም። በዚያች ቅጽበት እግር ሁለት ተቃራኒ ሥራዎችን ይሠራል። ሲያርፍ ይላላል፤ ጠጠሩን፣ ጉብታውን፣ ስርጉዱን እንደ አመጣጡ ይቀበላል። ሲነሣ ይጠብቃል፤ አንድ ወጥ ሆኖ የሰውነትን ክብደት ወደ ፊት ይገፋል። የላላ ነገር ለመግፋት አይመችም፤ የጠበቀ ነገር ደግሞ ወጣ ገባውን መሬት አይለምድም። ሁለቱን ጠባይ በአንድ አካል፣ ያውም በአንድ እርምጃ ውስጥ ማስማማት ትልቅ የእጅ ሥራ ነው። ልብን እናወድሳለን፣ ዐይንን እናደንቃለን፤ እግርን ግን ካላመመን አናስታውሰውም። ይህ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ከጉልበት በታች ያለው አካል ውስጥ ያለ ዓላማ የተቀመጠ አንድም ነገር የለም።

በእያንዳንዱ እግር 26 አጥንትና 33 መገጣጠሚያ አለ። የሁለቱ ሲደመር 52 ይሆናል፤ አዋቂ ሰው ካሉት 206 አጥንቶች ሩብ ያህሉ ማለት ነው። ጥንካሬ ብቻ ቢፈለግ አንድ ወፍራም አጥንት በበቃ ነበር። ይህን ያህል መከፋፈል ያስፈለገው እግር መላላትም ስላለበት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ታለስ የሚባለው አጥንት ነው። ቅልጥምና እግር የሚገናኙት በእርሱ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ክብደት ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። ሆኖም አንድም ጡንቻ አልተጣበቀበትም። ከገጹ ስድሳ በመቶ የሚሆነው በለስላሳ አንሸራታች ልባስ ስለተሸፈነ ጡንቻ የሚይዝበት ሥፍራ አልተረፈውም። በራሱ አይንቀሳቀስም፤ ጎረቤቶቹ ሲንቀሳቀሱ ግን በመካከላቸው ይንሸራተታል። ከላይ ሲያዩት የፊቱ ወርድ ከኋላው ይሰፋል። የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ናት፤ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። ዳገት ስንወጣ ወይም ቁጢጥ ስንል እግር ወደ ላይ ይታጠፋል፤ ሰፊው ክፍል በሁለቱ የቁርጭምጭሚት ጉብታዎች መካከል ይገባና መገጣጠሚያው ጥብቅ ይላል። በጣታችን ስንቆም ወይም ከዝላይ ስናርፍ ጠባቡ ክፍል ይገባል፤ መገጣጠሚያውም መላወሻ ያገኛል። ወለምታ የሚበዛው በዚህ ሁለተኛው አቋም ላይ ነው፤ ቁልቁለት የሚወርድ፣ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረገች፣ በጭንቅላት ገጭቶ የሚያርፍ ተጫዋች፣ ሁሉም ታለስን በጠባቡ ጎኑ ላይ ያገኙታል።

ታለስ ለዚህ ውበቱ የሚከፍለው ዋጋ አለው። ጡንቻ ስላልተጣበቀበት የደም ሥር የሚገባባቸው በሮችም ጥቂት ናቸው፤ ዋናው ደም ከአንገቱ ገብቶ ወደ ኋላ ይሄዳል። አንገቱ ከተሰበረ የኋላው አካል ደም አጥቶ ሊሞት ይችላል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ይዟቸው የወደቀ አብራሪዎች ላይ ይህ ስብራት ስለ ታየ፣ አንደርሰን የተባለው ብሪታንያዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1919 የአብራሪዎች ታለስ ብሎ ጻፈለት።

ከታለስ ሥር ተረከዝ አለ፤ የመላላትና የመጠበቁ ዋና ምስጢር ያለው በሁለቱ መካከል ነው። ተረከዝ መሬት ሲነካ ጥቂት ወደ ውጭ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ከፊት ያሉት ሁለት መገጣጠሚያዎች የሚዞሩባቸው መስመሮች ትይዩ ይሆናሉ፤ መሐል እግርም ይላላል። እግር ለመነሣት ሲቃረብ ተረከዝ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ መስመሮቹ ይተላለፋሉ፤ መሐል እግር ይቆለፋል። ለመቆለፊያው የተለየ ጡንቻ፣ የተለየ መወርወሪያ አልተሠራለትም፤ የአጥንቶቹ አቀማመጥ ራሱ ቁልፍ ነው። ተረከዝን የሚመልሰው ደግሞ ከቅልጥም ጀርባ ተነሥቶ፣ በውስጠኛው የቁርጭምጭሚት ጉብታ ኋላ ተጠማዝዞ ወደ ውስጥ እግር የሚገባው ቲቢያሊስ ፖስቴሪየር የሚባለው ጡንቻ ጅማት ነው።

ይህን የሚያውቅ መርማሪ ምንም መሣሪያ አያሻውም። ሰውዬውን ጀርባውን አዙሮ ያቆመዋል፤ በአንድ እግሩ ጣት ላይ እንዲነሣ ያዘዋል፤ እርሱ ተረከዙን ያያል። ጤነኛ ከሆነ ተረከዙ ሲነሣ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ጅማቱ የተዳከመበት ሰው ወይ ጨርሶ መነሣት ያቅተዋል፣ ወይ ተረከዙ ወደ ውጭ እንደ ወደቀ ይቀራል። የእግሩ ቅስት ስለ ሰመጠና የፊት እግሩ ወደ ውጭ ስለ ዞረ፣ ከኋላ ሲታይ በውጭው በኩል ብቅ የሚሉት ጣቶች ከሌላው እግር ይበዛሉ። የሰው ልጅ ሰውነት ለሚያነብ ዐይን ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሲገኝ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው መቆለፊያ ከሥር ነው። ከተረከዝ ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የተዘረጋ፣ የማይለጠጥ ወፍራም ጨርቅ የመሰለ ጅማት አለ። ሂክስ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1954 እንዳሳየው፣ ጣቶች ወደ ላይ ሲታጠፉ ይህ ጅማት በአውራ ጣት ሥር ባለው አጥንት ላይ ይጠቀለላል፤ ሲጠቀለል ያጥራል፤ ሲያጥር ተረከዝና የፊት እግር ይቀራረባሉ፤ ቅስቱ ከፍ ይላል። ይሞክሩት፦ ባዶ እግርዎን መሬት ላይ ያሳርፉና አውራ ጣትዎን በእጅዎ ወደ ላይ ይሳቡ። ቅስቱ ያለ አንዳች ጡንቻ እገዛ ሲነሣ ያዩታል። በእርምጃችን መጨረሻ ተረከዛችን ከመሬት ሲለቅ ጣቶቻችን በግድ ይታጠፋሉ፤ ስለዚህ እግር ጠንክሮ መግፋት ባለበት ቅጽበት ራሱን በራሱ ያጠነክራል። ከዚህ ያማረ ሥራ አላውቅም።

ይህ ጅማት ከተረከዝ የሚነሣበት ቦታ ሲጎዳ ሕመሙ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ተረከዝን ይወጋሉ፣ ትንሽ ሲራመዱ ይቀላል፣ ረጅም ሰዓት ቆመው ሲውሉ ይመለሳል። መርማሪው በአውራ ጣቱ የተረከዙን የውስጥ ፊት ጎን ይጫናል፤ ከዚያ የበሽተኛውን አውራ ጣት ወደ ላይ ስቦ ያንኑ ቦታ እንደገና ይነካል። ብዙ ሰው ራጅ ላይ የበቀለ የአጥንት እሾህ አይቶ ይደነግጣል፤ ሕመሙም ከእርሱ ነው ብሎ ያምናል። እንዲህ ያለ እሾህ ግን ምንም በማያማቸው ሰዎች ተረከዝ ላይም ይገኛል። ጣት የነካውን ከራጁ ይልቅ ማመን የሚገባበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

ቅስቱ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ያወቅነው ከራሳችን ምድር ነው። ሀዳር ላይ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ካላቸው ቅሪቶች መካከል፣ ወደ አራተኛው ጣት የሚሄድ አንድ የመሐል እግር አጥንት ሙሉውን ተገኘ። በእነ ሉሲ ዘመን የነበረ፣ ከእነ ሉሲ ዘር የሆነ ፍጡር አጥንት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት ያተኮረው በአጥንቱ ጥምዝና ዝንባሌ ላይ ነበር፤ የታችኛው ጫፍና የላይኛው ጫፍ አንዱ ከሌላው አንጻር ዞረዋል፣ አጥንቱም መሬት ላይ አጋድሎ እንዲቆም ሆኖ ተሠርቷል። ይህ ዝንባሌ ቅስት ያለው እግር ብቻ የሚያፈራው ነው። አንዲት አጥንት ብቻ ይዞ የጠፋውን ቅስት መልሶ ማቆም የተቻለው፣ እያንዳንዱ አጥንት የሙሉውን ሥራ አሻራ ስለሚይዝ ነው። በሌላ በኩል እዚያው አፋር ውስጥ፣ ቡርተሌ በሚባል ሥፍራ፣ የዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 ስምንት የእግር አጥንቶችን አገኘ፤ ዕድሜያቸው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። የዚህኛው እግር አውራ ጣት ወደ ጎን የተገነጠለ፣ ቅርንጫፍ መጨበጥ የሚችል ነበር። በተቀራረበ ዘመን፣ በተቀራረበ መሬት ላይ፣ ሁለት ዓይነት እግር ይራመድ ነበር ማለት ነው።

ወደ ቅልጥም ጀርባ ስንመለስ የአኪለስ ጅማት ይጠብቀናል። ሁለቱ የባት ጡንቻዎች ተገናኝተው ያወጡት፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ የሰውነታችን ወፍራሙና ብርቱው ጅማት ነው። ገመድ የሚገምድ ሰው ጭረቶቹን ጎን ለጎን አስተኝቶ አይተዋቸውም፤ ያጠማዝዛቸዋል። የአኪለስ ጭረቶችም ወደ ተረከዝ ሲወርዱ ሩብ ዙር ያህል ይጠማዘዛሉ። ሰው ሲሮጥ በዚህ ጅማት ላይ ከሰውነቱ ክብደት እስከ 12 እጥፍ የሚደርስ ኃይል ተለክቷል። ጅማቱ ግን ኃይሉን ተሸክሞ ብቻ አያልፍም፤ ሲለጠጥ ያከማቸውን ሲኮማተር ይመልሰዋል። ማክኒል አሌክሳንደርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 እንዳሰሉት፣ በአንድ የሩጫ እርምጃ ከሚመጣው ጉልበት 35 በመቶ ያህሉን የአኪለስ ጅማት፣ 17 በመቶ ያህሉን የእግር ቅስት ያዝ አድርገው ይመልሱታል። ግማሹን ሯጭ በጡንቻው አይከፍለውም ማለት ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ መስከረም 2000 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ኦሎምፒክ ላይ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የአኪለስ ጅማቱ ታሞ ነበር። የሚከፍለው ዋጋ ከፍ ያለበት፣ ጉልበት መላሹ አካል የጎደለበት ሰው በዚያ የመጨረሻ ሜዳ ላይ ያሳየውን ሳስብ አድናቆቴ እጥፍ ይሆናል።

አኪለስ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከተረከዝ ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። የተበጠሰበት ሰው ከኋላው የተረገጠ ይመስለውና ዞር ብሎ የመታውን ሰው ይፈልጋል። ምርመራው እንደ ሰውነቱ ሁሉ ቀላልና ያማረ ነው። ሲመንድስ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1957 እንደገለጸው፣ በሽተኛው በሆዱ ይተኛል፤ እግሮቹ ከአልጋው ጫፍ ያልፋሉ። መጀመሪያ በዐይን ብቻ ይታያል፤ ጅማቱ ደኅና የሆነው እግር ጣቱ ጥቂት ወደ ታች ያዘነበለ ሲሆን፣ የተበጠሰበት ቀጥ ብሎ ይንጠለጠላል። ከዚያ ባቱን ጭብጥ ያደርጉታል። ደኅናው እግር በጭብጡ መጠን ይንቀሳቀሳል፤ የተበጠሰው ጸጥ ይላል። ይህን ሳያደርግ ጣትህን ወደ ታች ግፋ ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ይሳሳታል፤ ሌሎች ጅማቶች ተባብረው ያንን ሊያደርጉት ይችላሉና። ባትን ጨብጦ ማየት አንዲት ደቂቃ አትፈጅም፤ የምትታለፍበት ጊዜ መብዛቱ ያናድዳል።

ተራ ወለምታ ሲባል ስሰማም ደስ አይለኝም። ቁርጭምጭሚትን በውጭ በኩል ሦስት ማሰሪያ ጅማቶች ይይዙታል፤ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው ከፊት ያለው ቀጭኑ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ሰፊና ብርቱ ነው፤ በኃይል ሲሳብ እርሱ ከመበጠሱ በፊት የተጣበቀበት አጥንት ሊሸረፍ ይችላል። የውጭው ጉብታ ከውስጠኛው ዝቅ ብሎ ስለሚወርድ እግር ወደ ውጭ መገልበጥ ያቅተዋል፤ ወደ ውስጥ መገልበጥ ግን ይቀለዋል። ወለምታ በአብዛኛው ውጭውን የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ጥሩ መርማሪ የሚያመውን ቦታ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ከጉልበት በታች ይጀምራል፤ ምክንያቱም ቁርጭምጭሚት ሲጠማዘዝ ቀጭኑ የቅልጥም አጥንት ከላይ፣ ጉልበት አጠገብ ሊሰበር ይችላል። በሽተኛው ያበጠ ቁርጭምጭሚቱን ብቻ ሲያሳይ ስብራቱ ከሩቅ ተደብቋል። ፈረንሳዊው ሜዞንኔቭ እ.ኤ.አ. በ1840 ያሳየው ይህንን ነው፤ ዛሬም እጁን ወደ ላይ ማውጣት የረሳ ሰው ያልፈዋል። ከዚያ ጣቶቹ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ። ኢያን ስቲል የሚመራው የካናዳ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው የኦታዋ ደንብ ጣት የት መጫን እንዳለበት በሴንቲ ሜትር ይናገራል፦ የሁለቱን ጉብታዎች የኋላ ጠርዝ የታችኛውን 6 ሴንቲ ሜትር፣ ከቅስቱ አናት ላይ ያለውን ናቪኩላር አጥንትና ወደ ትንሿ ጣት የሚሄደውን አጥንት ሥር። ከእነዚህ በአንዱ ላይ አጥንቱ ካመመ፣ ወይም ሰውዬው ጉዳቱ እንደ ደረሰም ሆነ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ አራት እርምጃ መሄድ ካቃተው ራጅ ይነሣል። ካልሆነ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው። እግራቸው የደነዘዘ ወይም የሰከሩ ሰዎች ላይ ግን ደንቡ አይሠራም፤ የሚሰማቸውን በትክክል መናገር አይችሉምና።

የትንሿ ጣት አጥንት ሥር ለብቻው ታሪክ አለው። ሮበርት ጆንስ የተባለው ዝነኛ የአጥንት ሐኪም ሲጨፍር የራሱ እግር ተሰበረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 የራሱን ጉዳት ጨምሮ ስብራቱን ለዓለም ጻፈ። ከአጥንቱ ጫፍ ላይ የሚሸረፈው ስብራት በቀላሉ ይድናል፤ እርሱ የጻፈው፣ ትንሽ ወደ ፊት ራቅ ብሎ የሚገኘው፣ የደም አቅርቦቱ ደካማ ስለሆነ በእጅጉ ያስቸግራል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጣት ወርድ ያህል ነው።

ያለ አደጋ የሚመጣ ስብራትም አለ። ብራይትሃውፕት የተባለው የፕሩሲያ ጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1855 ረጅም ጉዞ በተጓዙ ወታደሮች እግር ላይ እብጠትና ሕመም አየ፤ ራጅ ገና ስላልተፈጠረ ስብራት መሆኑን ማየት አልቻለም። ሯጮች ይህን ያውቁታል። የቅልጥም ሕመም በእጅ ሲዳሰስ ርዝመቱ ከአምስት ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ፣ ዘርዘር ያለ ከሆነ አጥንቱ ገና ቁጣ ላይ ነው፤ በአንድ ጣት ጫፍ ልክ የተወሰነ፣ ሌሊትም የማይተው ከሆነ ግን ስንጥቅ ሊሆን ይችላልና ሩጫው መቆም አለበት።

ወጌሻን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የወለቀ መገጣጠሚያ በመዳሰስ ብቻ የሚያገኝ፣ በሚገባ ያሸ እጅ በአገራችን ብዙ አለ፤ ይህን ጥበብ የሚያቃልል ሰው እጁን ሞክሮ አያውቅም። ነገር ግን ቅልጥም ውስጥ ጡንቻዎቹ በማይለጠጥ ሽፋን ታጥረው በአራት ክፍሎች ተቀምጠዋል። ስብራት ሲደርስ ክፍሎቹ ያብጣሉ፤ በቀርከሃና በጨርቅ ተጠብቀው ከታሰሩ እብጠቱ መሄጃ ያጣል፤ ግፊቱ ደም ወደ ጡንቻው እንዳይገባ ይከለክላል። በሰዓታት ውስጥ ጡንቻ ይሞታል፤ እግር እስከ መቆረጥ የደረሰባቸው ልጆች አሉ። ምልክቱ ከጉዳቱ የበለጠ ሕመም ነው፤ ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ሲዘረጋቸው ልጁ ይጮኻል። በእግር ጀርባ ላይ የደም ምት መገኘቱ አያጽናና፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ጡንቻ እየሞተ ምቱ ሊቀጥል ይችላል። እሥሩ ወዲያው መፈታት፣ ልጁም ወዲያው ሆስፒታል መድረስ አለበት።

የዳነ ጅማትም ሥራው ገና ነው። ለንደን ውስጥ ፍሪማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1965 ወለምታ ደጋግሞ የሚይዛቸውን ሰዎች አጥንተው፣ ጅማት ሲበጠስ በውስጡ ያሉ ነርቮችም እንደሚጎዱ አስረዱ። እነዚህ ነርቮች እግር የት እንዳለ፣ ወዴት እንዳዘነበለ ሳናየው የሚነግሩን ናቸው። እብጠቱ ጠፍቶ፣ ሕመሙ ቀርቶ፣ እግሩ ግን መሬቱን በጊዜ አያውቀውም፤ ጡንቻው ሰውዬው ከወደቀ በኋላ ይደርሳል። መድኃኒቱ በተጎዳው እግር ብቻ መቆም ነው፤ መጀመሪያ ዐይን ተገልጦ፣ ከዚያ ተጨፍኖ፣ ከዚያ በሚንቀሳቀስ ጣውላ ላይ። ይህን ለሳምንታት ሳይሠሩ ወደ ሜዳ የሚመለሱ ተጫዋቾች ብዙዎቹ በዚያው ቁርጭምጭሚት እንደገና ይወድቃሉ።